የሰኞ ሰዓት፦ በታላቁ ሩጫ ስለሚሻሻለው የግል ምርጥ ሰዓት የቀረበ ጥናት

በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ በአንድ እሑድ ጠዋት፣ ከ40 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ይወጣና 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. 10 ሺህ ተሳታፊ ይዞ ሲጀመር በወንዶች ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ አሸናፊዎቹ፣ ስለ ጭፈራው፣ ስለ ቲሸርቱም ቀለም ሳይቀር ብዙ ተጽፏል። ከአሸናፊዎቹ ኋላ የሚጎርፈው ሕዝብ ሰዓቱን የሚያሻሽልበት ጥበብ ግን የሚገባውን ምሁራዊ ትኩረት አላገኘም። ልምምድ ሳይጨመር፣ ክብደት ሳይቀነስ፣ ዕድሜም ወደ ኋላ ሳይመለስ ሰዓት በየዓመቱ የሚያጥርበት ሌላ ስፖርት አይገኝም። የዚህ ጥናት መከራከሪያ እንዲህ ነው፤ ሯጩ እሑድ ጠዋት የሚያስመዘግበው ጥሬ ሰዓት ነው፤ የግል ምርጥ ሰዓቱ የሚወለደው ከእሑድ ምሳ እስከ ሰኞ የቢሮ ቡና ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በቅናሽ ነው።

ቅናሽ ስንል፣ ሯጩ በራሱ ጥፋት አላባከንኩትም የሚለውን ደቂቃ ሁሉ መድረሻው ላይ ከታየው ሰዓት የሚያነሣበትን ሒሳብ ማለታችን ነው። የመጀመሪያው የመነሻ ቅናሽ ነው። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ የጎዳና ሩጫ ይፋዊ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው የማስጀመሪያው ተኩስ ከተሰማበት ቅጽበት ነው። ደንቡ ግን ከፊት የቆሙትን ያሰበ ነው። ከኋላ ያለው ሰው ተኩሱን ሲሰማ የሚታየው የፊተኛው ሰው ጀርባ ብቻ ነው፤ መነሻው መስመር ላይ እስኪደርስ ይገፋል፣ ይገፈተራል፣ ይዘፍናል፣ የጠፋ ጓደኛውን በስልክ ይፈልጋል። አንድ ሯጭ በምሳሌነት እንውሰድ። መድረሻው ላይ ቀና ሲል የተሰቀለው ሰዓት 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ይላል እንበል። መነሻውን ለመርገጥ 10 ደቂቃ ጠብቋል፤ ስለዚህ የሮጠው 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። እስከዚህ ድረስ የሚከራከረው ዳኛ የለም። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይህ ጥናትም ባላስፈለገ ነበር።

ሁለተኛው የከፍታ ቅናሽ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ሳይንስ የሚደግፈው ይኸኛውን ነው። መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይህ ሯጭን ምን እንደሚያደርገው እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ታይቷል። በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ በተካሄደው የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ማሞ ወልዴን ቀድሞ ወርቅ ሲያጠልቅ ሰዓቱ 29 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ነበር። የርቀቱን የዓለም ክብረ ወሰን 27 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ አድርጎት የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ 6ኛ ወጥቶ መድረሻው ላይ ተዘረረ፤ ኦክስጅንም ተሰጠው። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለው ልዩነት 6.5 በመቶ ያህል ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበርም ከፍታ ላይ የተሮጠ ሰዓት የሚስተካከልበት ሰንጠረዥ አለው። ሯጫችን ሰንጠረዡን አላየውም፤ መንፈሱን ግን ተረድቶታል። አዲስ አበባ ሜክሲኮ ሲቲን በ100 ሜትር ገደማ እንደምትበልጥ አስታውሶ 6.5 በመቶውን ይወስዳል፤ ሰዓቱም ወደ 1 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ተኩል ይወርዳል።

እዚህ ላይ የሕክምና ሰዎች መቃወማቸው አይቀርም። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ከቀጭን አየር ጋር ተላምዷል፤ በዚያው በሜክሲኮ ወርቁንና ብሩን የወሰዱት የደጋ ልጆች ናቸው፤ ማራቶኑንም ያሸነፈው ማሞ ነው፤ ስለዚህ ቅናሹ የሚገባው ከቆላ ለመጣ እንግዳ ነው ይላሉ። ተቃውሞው ትክክል ቢሆንም ሯጫችን ከፍታን በሁለት መዝገብ እንደሚይዘው አላስተዋለም። አዲስ አበባ ላይ ሲሮጥ ከፍታው ዕዳ ነው፤ ከሰዓቱ ላይ ይቀነሳል። ሐዋሳ ወርዶ ግማሽ ማራቶን ሊሮጥ ሲነሣ፣ ወይም ዱባይ ያለው የአክስቱ ልጅ ስለ ሩጫ ሲደውልለት ደግሞ ያው ከፍታ «እኛ የደጋ ሰዎች» ተብሎ በሀብትነት ይመዘገባል። ሁለቱ መዝገቦች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተከፍተው አያውቁም።

ሦስተኛው የርቀት ቅናሽ ነው። በዓለም አቀፍ ደንብ የጎዳና ውድድር መንገድ የሚለካው ለዚሁ በተስተካከለ ብስክሌት፣ ሯጭ ሊሄድበት የሚችለውን አጭሩን መስመር ተከትሎ፣ መታጠፊያ ላይ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነው። መንገዱ ከተባለው እንዳያጥር በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ስለሚጨመር 10 ኪሎ ሜትር የሚባለው 10,010 ሜትር ሆኖ ይዘረጋል። ይህቺ 10 ሜትር በሯጫችን ፍጥነት 4 ሰከንድ ብትሆን ነው፤ ልበ ሰፊ ስለሆነ ይተዋታል። የሚያንገበግበው አጭሩ መስመር ነው። በዚያ መስመር ላይ ሌሎች ሰዎች አሉ፤ ከበሮ ይዘው ክብ ሠርተው የሚጨፍሩ፣ ልጅ ትከሻቸው ላይ ያስቀመጡ፣ አምስት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው በእግር የሚጓዙ። እነሱን ለማለፍ ግራና ቀኝ ሲል በእጁ ያለው የጂፒኤስ ሰዓት 10.4 ኪሎ ሜትር ቆጠረ እንበል። ትርፉ 400 ሜትር ሲነሣለት 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይሆናል። የጂፒኤስ ምልክት ረጃጅም ሕንጻዎች መካከል እየተንጸባረቀ እንደሚሳሳት የታወቀ ነው፤ ሆኖም ስሕተቱ የሚመዘነው በአቅጣጫው ነው። መሣሪያው ሲያበዛ ትክክል ነው፤ ሲያሳንስ ሕንጻ ጋርዶታል።

አራተኛው የማኅበራዊ ሕይወት ቅናሽ ሲሆን የሌላ አገር የስፖርት ሳይንስ ሊደርስበት የማይችለው ነው። በርሊን ላይ የሚሮጥ ሰው 6ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የአባቱን ወዳጅ ቢያገኝ እጁን አውለብልቦ ማለፍ ይችል ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ጋሼን በሩጫ አልፎ መሄድ ለዓመት የሚተርፍ ቅያሜ ነው። ቆሞ ደኅንነት ይጠየቃል፤ የእትዬ ጉልበት፣ የልጆቹ ትምህርት፣ የቤቱም ነገር ይነሣል። በዚህ ላይ ፎቶና አንድ ዙር እስክስታ ሲታከል 5 ደቂቃ ቢነሣለት አይበዛበትም፤ ሯጫችን ድፍን 1 ሰዓት ላይ ደርሷል። ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ የማራቶን ውጤቶችን የመረመሩ የኢኮኖሚ ምሁራን ከድፍን ቁጥሮች፣ በተለይም ከ4 ሰዓት፣ ጥቂት ቀደም ብለው የሚገቡት ጥቂት ዘግይተው ከሚገቡት በግልጽ እንደሚበዙ አሳይተዋል። እነዚያ ሯጮች ግን ያችን ደቂቃ ለማግኘት መጨረሻው ላይ እየተቃጠሉ መፍጠን ነበረባቸው። የእኛው ዘዴ ይህን ድካም አስቀርቶታል። ሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ስኒ ሳይቀዳ፣ 60 ደቂቃው 59 ሆኗል።

በዚህ ግኝት ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው የቴክኖሎጂ ነው፤ መነሻንና መድረሻን የሚመዘግበው ቺፕ ክርክሩን ዘግቶታል ይላል። ቺፑ ግን የዘጋው የመጀመሪያውን ቅናሽ ብቻ ነው፤ እሱንም በደንብ አልዘጋውም። ጥንቁቅ ሯጭ የቺፑን ሰዓት ይዞ «መነሻው ላይ ደግሞ መጨናነቁ አይወራም» ብሎ 10 ደቂቃውን ለሁለተኛ ጊዜ ሊቀንስ ይችላል። ሁለተኛው ተቃውሞ የሥነ ምግባር ነው፤ ይህ ሁሉ ውሸት አይደለም ወይ የሚል። አይደለም። መጨናነቁ እውነት ነው፤ ከፍታው እውነት ነው፤ መጠማዘዙም ጋሼም እውነት ናቸው። እያንዳንዱ ቅናሽ ለብቻው ቢመረመር ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ የሚያጠራጥረው ድምሩ ነው። ድምሩን ደግሞ የሚመረምር የለም፤ አድማጩም የራሱን ሰዓት ይዞ ተራ እየጠበቀ ነውና። የሰኞ ቡና በዚህ ረገድ እንደ ዕቁብ ነው፤ ዛሬ የሌላውን የሚቀበል ነገ የራሱን ይወስዳል፤ ሒሳብ ልመርምር የሚል አባል ማኅበሩን ያፈርሳል።

አንድ እንቆቅልሽ ይቀራል፤ ቅናሹ ለምን 59 ላይ ይቆማል? «ሳልለማመድ ነው የሮጥኩት»፣ «ጫማው አዲስ ነው»፣ «ለመዝናናት ነው የወጣሁት» የሚሉ ገና ያልተነኩ ቅናሾች አሉ፤ የመጨረሻው በተለይ ወሰን የለውም። ሒሳቡ እንዲሁ ቢቀጥል ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ በትራክ ሮጦ ለ15 ዓመት ክብረ ወሰን ሆኖ የቆየው 26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ላይ መድረስ ይቻላል። የሚያግደው ዕውቀት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታውም ተጨባጭ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 ድሪባ መርጋ ይህንኑ ታላቁ ሩጫ በ28 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ጨርሷል። ከፊቱ የሚጨፍር ሕዝብ አልነበረም፤ ከፍታው ግን ያው ነው። ሯጫችን የወሰደው 6.5 በመቶ ለድሪባ ቢሰጠው ሰዓቱ 26 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ገደማ ይሆንና ከቀነኒሳ ሰዓት 20 ሰከንድ እንኳ አይርቅም ነበር። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን 28 ከ18 ነው፤ ቅናሽ የለውም።

ከዚህ አንድ ሕግ ይወጣል፤ የቅናሽ መጠን ከፍጥነት ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። ፊት ያለው አይቀንስም፤ መሐል ያለው የመነሻውን ብቻ ያነሣል፤ ኋላ ያለው አራቱንም ይወስዳል፤ ሳይመዘገብ ቀርቶ በቴሌቪዥን የተመለከተው ደግሞ «ብሮጥ ኖሮ» ብሎ የሁሉንም ሰዓት ያሻሽላል። ስለዚህ የሰኞ ሰዓት ራሱን የቻለ የውድድር ዓይነት ሆኖ ዕውቅና እንዲሰጠው፣ ክብረ ወሰኑም ቢያንስ ሁለት ቡና ጠጪዎች ባሉበት እንዲጸድቅ ይህ ጥናት ሐሳብ ያቀርባል። ሰዓትን ያለ ቅናሽ ለማሳጠር የሚያስችል ሌላ ዘዴ እንዳለም ይነገራል፤ ከመስከረም ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ እየተነሡ፣ በሳምንት ብዙ ቀን መለማመድን የሚጠይቅ ነው አሉ። የሚቀንሰውም ገና እሑድ ጠዋት ስለሆነ ለሰኞ የሚተርፍ ወሬ አይገኝበትም፤ በዚህም ምክንያት ከጥናቱ ወሰን ውጪ ሆኗል።