የዓይን ገናና የሆድ ገና

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነሥቶ በገርጂ፣ በጃክሮስና በሰሚት በኩል እስከ አያት በሚዘልቀው የከተማዋ ወገን፣ ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ገናን በዓመት አንድ ቀን ያከብራል ብሎ የሚጽፍ ተመራማሪ ወይ ልጅ አላሳደገም፣ ወይ በታኅሣሥ ወር ከቤቱ አልዋለም። በዚህ አካባቢ ገና አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ተጀምሮ ታኅሣሥ 29 የሚጠናቀቅ ሰሞን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቀን «የፈረንጅ ገና»፣ የመጨረሻው ደግሞ «የእኛ ገና» ይባላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ወላጆች ገንዘባቸውን ለማትረፍ፣ ልጆች ደግሞ መብታቸውን ለማስከበር የሚደራደሩበት ነው።

የድርድሩ መነሻ የዘመን አቆጣጠር ነው። በ1582 እ.ኤ.አ. የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ ከቀን መቁጠሪያው ላይ ዐሥር ቀናት ሲያስወግዱ፣ ኢትዮጵያ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን በምታሰላበት፣ በትውፊት ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ በሚሰጠው የቁጥር ትምህርት ጸናች፤ ልዩነቱም በ1700፣ በ1800 እና በ1900 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ቀን እየጨመረ 13 ደረሰ። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ስለሚውል፣ የፈረንጆቹም በዚያ ዓመት ወደ ታኅሣሥ 15 ይሳባል፤ 13ቱ ቀናት ግን አይነኩም። ሊቃውንት ለዘመናት ያልተስማሙበትን ይህን ጉዳይ የቦሌ ሕፃናት ሁለቱንም ቀኖች በሙሉ ድምፅ በመቀበል ፈትተውታል።

ወላጆች ለዚህ ውሳኔ ያላቸው ብቸኛ መከላከያ ጾም ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚጾመው የነቢያት ጾም የፈረንጅ ገና በሚደርስበት ጊዜ ወር ያለፈው ስለሆነ፣ በብዙ ቤት ያልተጻፈ ሕግ ወጥቷል፤ በዚህ ሕግ መሠረት የታኅሣሥ 16ቱ «የዓይን ገና» ሲሆን መብራቱና ዛፉ የሚታይበት ብቻ ነው፣ የታኅሣሥ 29ኙ ደግሞ «የሆድ ገና» ሲሆን ዶሮውና በጉ የሚበላበት ነው። ሕጉን በመጀመሪያ የጣሱት ኬክ ቤቶች ናቸው፤ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የሚጋገረውን «የጾም ኬክ» አውጥተው በላዩ የገና አባትን ምስል ስለሚያስቀምጡበት፣ ዓይን ያየውን ሆድ እንዳይቀምስ የሚከለክል ክርክር ጠፍቷል። የቀረውን ቀዳዳ ልጆች ራሳቸው አግኝተውታል። የስድስት ዓመቷ ልጅ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን እንዲጾም አይገደድም የሚለውን ልማድ ጠቅሳ ቋንጣ ስትጠይቅ፣ የስምንት ዓመቱ ወንድሟ በበኩሉ እርሱ በመጾሙ ካሳ ይገባዋል፣ ካሳውም በባትሪ የሚሄድ መኪና ነው ብሎ ይሟገታል።

በዚህ ሰሞን በእንግዳ መቀበያ ክፍል የሚቆመው የገና ዛፍ ቀድሞ የጥድ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ዛሬ በካርቶን ገብቶ በካርቶን የሚወጣ የቻይና ፕላስቲክ ነው፤ ሳይለወጥ የቆየው በቅርንጫፎቹ ላይ በበረዶ ስም የሚበተነው ጥጥ ነው። ታኅሣሥ በአዲስ አበባ ሌሊቱ ቢቆረቁርም ቀኑ ፀሐይ የሚያቃጥልበት ወር በመሆኑ፣ ቤተሰቡ በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ነገር በጥጥ ማሳየቱ እንደ ትምህርት ሊቆጠር ይችላል። ከገጠር ለበዓሉ የመጡት አያት ግን በዛፉ ላይ ያዩት በረዶ ሳይሆን ባዘቶ ነው፤ ባዘቶ የሚባለው ፍሬው ወጥቶ፣ በደጋን ተነድፎ ለፈትል የተዘጋጀ ጥጥ ሲሆን፣ እርሱን በፕላስቲክ ላይ በትኖ መተው በአያት ዓይን እህል ከመድፋት አይተናነስም። ስለዚህ እንዝርታቸውን አውጥተው ከታችኛው ቅርንጫፍ ጀምረው በረዶውን መፍተል ይጀምራሉ፤ በጉ በሚገዛበት ዕለት ዛፉ ራቁቱን ይቀራል፣ ለአንድ መቀነት የሚበቃ ድርም ይገኛል። ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር በትምህርት ቤት የተማረው የስምንት ዓመት ልጅ የበረዶውን መጥፋት በዚሁ ምክንያት ማስረዳቱ፣ መረጃው ትክክል ሆኖ ድምዳሜው ሊሳሳት እንደሚችል ጥሩ ምሳሌ ነው።

የገና አባት ራሱ በአያት ፊት ከባድ ምርመራ ይጠብቀዋል። ነገሩ ሲጀመር በአራተኛው መቶ ዓመት በታናሽ እስያ፣ በዛሬዋ ቱርክ፣ የሜራ ኤጲስ ቆጶስ ከነበረው ከቅዱስ ኒቆላዎስ ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ በቦሌ የገበያ ሕንፃዎች በር የሚቆመው ግን በሆዱ ትራስ የታሰረበት፣ በቀይ ካፖርት ውስጥ የሚያልበው ቀጭን ወጣት ነው። የልጅ ልጃቸው «እማማ፣ እርሱ እኮ ለጥሩ ልጆች ስጦታ ያመጣል» ስትላቸው፣ አያት «ልጄ፣ ሽማግሌ ሰው በጾም ይህን ያህል የወፈረው ምን እየበላ ነው?» ብለው የሚያቀርቡት ጥያቄ እስከ አሁን መልስ አላገኘም። ስጦታውን በተጨባጭ የሚያመጡት በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርዱት ከውጭ አገር የሚመጡ አክስቶች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት አንድ ሚሊዮን የዳያስፖራ አባላት ለገና ወደ አገር ቤት እንዲገቡ ጥሪ ባቀረበ ጊዜ፣ ጥሪውን ያለ ቅድመ ሁኔታ የደገፈው የኅብረተሰብ ክፍል የቸኮሌት ፈላጊው እንደነበረ ለመገመት ጥናት አያስፈልግም።

በጉ ከሾላ ገበያ ሲመጣ ድርድሩ ወደ አስቸጋሪ ምዕራፍ ይገባል። አባወራው ሽንጡን ዳብሶ፣ ላቱን መዝኖ፣ ዋጋውን ሰምቶ ከደነገጠ በኋላ የገዛው በግ በታክሲ ኪስ ተጭኖ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ይደርሳል። ኮንዶሚኒየም፣ ማለትም የጋራ መኖሪያ ቤት፣ በአብዛኛው ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያለውና አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ሲሆን፣ ሲታቀድ ለእርድና ለእንጀራ ጋገራ የሚያገለግል ነዋሪው «ኮሚናል» የሚለው የጋራ ቤት ተሠርቶለታል፤ ኮሚናሉ ለሱቅ ተከራይቶ በተገኘበት ግቢ ግን በጉ በደረጃ ወደ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ይወጣል። እዚያ በሚያድርባቸው ሁለት ሌሊቶች ልጆቹ ከቴሌቪዥን በሚያውቁት ካርቱን ስም «ሾን» ብለው ይጠሩታል፣ ጎመን ያበሉታል፣ ብርድ ልብስም ያለብሱታል፤ ስም የወጣለትን ፍጡር ማረድ ደግሞ ለማንም አባት ቀላል አይደለም። በዋዜማው ለሾን ምሕረት የሚጠይቅ አቤቱታ በቀለም እርሳስ ተጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፋል። አቤቱታው በበዓሉ ጠዋት ቆዳ ገዢው በግቢው ውስጥ «ቆዳ አለ?» እያለ ሲዞር ውድቅ መሆኑ ይታወቃል፤ ፈራሚዎቹም ጥብሱ ሲሸት እንባቸውን ጠርገው ቀድመው ማዕድ ላይ ይገኛሉ።

ሌሊቱ በበኩሉ የራሱ ሥርዓት አለው። እናትና አያት ለቅዳሴ ሲወጡ ልጆቹ እስከ ንጋት እንደሚነቁ ምለው ከሦስት ሰዓት በፊት ይተኛሉ፤ እነርሱን ሊጠብቅ የቀረው አባትም ይከተላቸዋል። በማግሥቱ በቴሌቪዥን ከላሊበላ በሚታየው በዓል፣ በቤተ ማርያም ካህናት ከዓለቱ ላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲያዜሙ፣ ዕለቱ በትውፊት የንጉሥ ላሊበላም የልደት ቀን መሆኑ ይነገራል። በታኅሣሥ መጨረሻ የተወለደችውና ለሁለት በዓል አንድ ኬክ ብቻ የሚቆረስላት የስድስት ዓመቷ ልጅ፣ ይህን በሰማች ጊዜ ለቅዱሱ ንጉሥ ያደረባት አዘኔታ ጥልቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ የሚቀረው ጨዋታ ነው። በዓሉ ስሙን የሚጋራው የገና ጨዋታ ሁለት ወገኖች ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር የምትባለውን ትንሽ ኳስ እየመቱ የሚፋለሙበት ሲሆን፣ በጨዋታው ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ስለሚሆኑ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሏል። በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ዱላው የመወልወያ እንጨት፣ ሩሯ ከአባት ካልሲ የተሠራች ኳስ ብትሆንም ሕጉ እንዳለ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ሠላሳ ሠራተኛ የሚያዝዘው አባት ቅልጥሙን ሲመታ የሚፈቀድለት ማነከስ ብቻ ነው።

ይህ ሥርዓት እንደሚቀጥል የሚያረጋግጠው ራሱ ስሌቱ ነው። 2100 እ.ኤ.አ. በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ፌብሩዋሪው 28 ቀን ብቻ ስለሚኖረው፣ ከዚያ በኋላ በሁለቱ ገናዎች መካከል ያለው ልዩነት 14 ቀን ይሆናል፤ የዛሬዋ የስድስት ዓመት ልጅም በዚያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት ያለፋት አያት ሆና በአንድ ቀን የረዘመውን ድርድር ከልጅ ልጆቿ ጋር ታካሂዳለች። ወላጆቿ ይህ ሲነገራቸው መጀመሪያ ጣታቸውን ቆጥረው፣ ቀጥሎም ፊታቸው በርቶ መታየቱ የሚያስገርም አይደለም፤ የዚያ የዐሥራ አራተኛው ቀን ወጪ እነርሱን እንደማይመለከት ማወቅ በሰሞኑ ሁሉ ለእነርሱ የደረሳቸው ብቸኛ ስጦታ ነውና።