ከእኛ በኩል ችግር የለም

በዚህ ከተማ ራሱን የሚያከብር ድርጅት ሁሉ የራሱ ዶሜይን አለው። አድራሻው በሕንፃው ባነር ላይ፣ በፒክአፑ በር ላይ፣ በደብዳቤው ግርጌ በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ይታያል፤ «ኢንፎ» ብሎ ይጀምርና የድርጅቱን ስም ያስከትላል። የዓመቱ ክፍያ ይከፈላል፤ ቢዘገይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። የምትቀረው አንዲት ትንሽ ጉዳይ ናት፤ በዚያ አድራሻ የሚመጣውን ማን ያነበዋል? ባለሙያዎቻችን ለዚህ ያገኙት መላ ከማንም አያንስም። ሁሉንም ወደ ሥራ አስኪያጁ ጂሜይል ፎርዋርድ ማድረግ።

ይህን አሠራር የሚነቅፍ ምቀኛ ነው። የሚከፈት ሳጥን የለ፣ የሚረሳ የይለፍ ቃል የለ፣ ሠራተኛ ማሠልጠን የለ። ባለሙያው ሲፓነል ውስጥ ገብቶ ሁለት አድራሻ ይጽፋል፤ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ሥራው አልቋል፣ ሒሳቡም ገብቷል። ሥራ አስኪያጁም የልጁን የልደት ፎቶ፣ የጨረታ ጥሪውንና የግብር ማስታወቂያውን በአንድ ቋት ያገኛል። ማለቴ፣ ከደረሱ።

ሰሞኑን ፕሮፎርማ አምጣ ላለኝ አንድ ድርጅት ዋጋዬን በዚያ ሰማያዊ አድራሻ ላክሁ። ወዲያው ተመልሶ መጣ። ስደውል ጸሐፊዋ በትሕትና «ጋሼ፣ ስፓም ውስጥ አይተውታል?» አለችኝ። የማንን ስፓም? የእኔን! ከዚያ ወደ አይቲው አስተላለፈችኝ፤ እሱም «ስክሪንሾት በቴሌግራም ይላኩልኝ» አለ። ላክሁለት። አላነበበውም። ተመልሶ የመጣው ደብዳቤ ላይ ምክንያቱ ከነቁጥሩ ተጽፏል፤ 550 5.7.26 ይላል። በአምስት የሚጀምር ቁጥር «አልቀበልም፣ ደግመህም አትሞክር» ማለት ነው፤ ተከታዩ ደግሞ የላኪው ማንነት እንዳልተረጋገጠ ይናገራል። ሐኪም የላብራቶሪ ውጤት እጁ ላይ ይዞ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» እንደማለት ነው። አይቲው ወደ ሆስቲንጉ ደወለ፤ ሆስቲንጉም የለመደውን ዳዊት ደገመ፦ «ከእኛ በኩል ችግር የለም።»

እውነታቸውን ነው። ከእነሱ በኩል ችግር ኖሮ አያውቅም። ደብዳቤውን ተቀብለዋል፣ ወደ ጂሜይል አሻግረዋል፤ ጂሜይል በሩን ቢዘጋ የጂሜይል አመል ነው።

አመሉ እንዲህ ነው። ኤስፒኤፍ በሚባለው ደንብ የአንድ ዶሜይን ባለቤት «በስሜ ደብዳቤ የሚያደርሱት እነዚህ ሰርቨሮች ብቻ ናቸው» ብሎ ዝርዝራቸውን ይለጥፋል። ፎርዋርድ የሚያደርገው ሰርቨር ከዝርዝሩ የለም፤ የሰው ስም ይዞ የመጣ እንግዳ ነው። ዲኪም የሚባለው ዲጂታል ፊርማ ሊያድነው ይችል ነበር፤ ደብዳቤው እስካልተነካ ድረስ ፊርማው በፎርዋርድ አይፈርስም። ለዚህም ቢሆን መድኃኒት አልታጣም። በርእሱ ላይ «ከድርጅቱ ዌብሳይት የመጣ» የሚል ይጨመርበታል፣ በግርጌው «ይህ መልእክት ምስጢራዊ ነው» የሚል አንቀጽ ይለጠፍበታል፤ ፊርማው ብትንትኑ ይወጣል። ከዚያ ዲማርክ ይመጣል። ላኪው «በስሜ መጥቶ ያልተረጋገጠ ሁሉ ይመለስ» ብሎ ካዘዘ፣ ይመለሳል።

የማጣሪያውን ውበት ልብ በሉ። ደንቡን አጥብቆ ያወጣ ባንክ፣ ለስሙ የሚጠነቀቅ ደንበኛ፣ እነሱ ተመላሽ ናቸው። ትናንት ዶሜይን ገዝቶ በሥርዓት የፈረመ አጭበርባሪ ግን በርእሱም በግርጌውም እጅ ካላረፈበት ሰተት ብሎ ይገባል። ሥራ አስኪያጁ ከባንኩ ምንም ሳይሰማ፣ ከማያውቀው አጎቱ ስለተረፈው ውርስ በየዕለቱ ይነገረዋል።

ይህ ደግሞ ዛሬ የተፈጠረ ጉድ አይደለም። ያሁ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ያንን ጥብቅ ትእዛዝ ሲያወጣ በዓለም ዙሪያ የኢሜይል የውይይት ቡድኖች ታምሰዋል። ከፌብሯሪ 2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ ብዙ የሚልኩትን ኤስፒኤፍን፣ ዲኪምንና ዲማርክን ሦስቱንም ካላሟላችሁ አናስገባም ብለዋል። የእኛ ባለሙያ ግን እንዲህ ባለ ዜና አይደናገጥም። «48 ሰዓት ይጠብቁ፣ ዲኤንኤሱ እየተሰራጨ ነው» ይላል። ኔምሰርቨር የቀየረ ሰው ይህን ቢባል አልከፋም፤ የዶት ኮም መዝገብ ለ172,800 ሰከንድ፣ ማለትም ለ48 ሰዓት በየቦታው ተይዞ ሊቆይ ይችላልና። ምንም ነገር ያልቀየረ ሰው የሚጠብቀው ግን ምኑ ተሰራጭቶ ነው?

እንግዲህ ኢሜይል መድረስ አለመድረሱ ካልታወቀ ምን ይደረግ? እስካሁን ደውለን «ልኬ ነበር፣ ደረሰ?» እንላለን። ስልክ ግን ለእንዲህ ያለ ክብር ይቀልላል። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ሽማግሌ እንዲላክ ነው።

ሦስት ሰው ይበቃል፤ አንድ ጡረታ የወጣ የባንክ ሰው፣ አንድ የንስሐ አባት፣ አንድ ደግሞ የድርጅቱን ዘበኛ የሚያውቅ የሰፈር ሰው። ቅዳሜ ማለዳ ነጭ ለብሰው ከበሩ ይደርሳሉ። «ግቡ፣ አረፍ በሉ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ይቆማሉ። ታላቁ ጉሮሮውን ይጠርግና «ልጃችን ባለፈው ማክሰኞ አንድ ፒዲኤፍ ልኮ ነበር። ጨዋ ፒዲኤፍ ነው፣ ቫይረስ የለበትም፣ ማኅተምም አለው። በኢንቦክሳችሁ እንድታስገቡልን ነው የመጣነው» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ወግ ነውና ቶሎ እሺ አይልም። «ከአይቲው ጋር ልማከርበት» ብሎ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ይሰጣል።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዘር ይቆጠራል። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው የደብዳቤው ራስጌም ከታች ወደ ላይ ይነበባል፤ ከየትኛው ሰርቨር ተነሣ፣ ማን ተቀበለው፣ ለማን አቀበለው። ሦስተኛው ቤት ላይ አንድ የማይታወቅ ሰው ይገኛል። «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ይባላል። የላኪው ወገን አያውቀውም፤ ጂሜይልም አላውቀውም ይላል። የድርጅቱ የራሱ ሆስቲንግ ነው፤ ግን ዘመዴ ነው የሚለው ይጠፋል። ሆስቲንጉ ተጠርቶ ሲመጣ ከደጅ ቆሞ «ከእኛ በኩል ችግር የለም» ይላል። የንስሐ አባት በመሀል ገብተው ያበርዳሉ። አባሪው ከብዷል፣ ይቀነስ፤ አይቀነስም፤ ጥሎሹ ላይ ሌላ ክርክር ይነሣል። በመጨረሻ ስምምነት ይደረሳል። ደብዳቤው ከስፓም ወጥቶ በእናቶች እልልታ ታጅቦ ወደ ኢንቦክስ ይገባል። ድንኳን ተጥሏል፣ ጠጁ ወርዷል፤ ሥራ አስኪያጁ በሚዜዎቹ ፊት ይከፍተዋል፤ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ «ክሊኩ አልተያዘም፣ አንዴ ይድገሙት» ይላል። ከዚያ መልስ ይጠራል፤ ላኪው ከመጀመሪያው የፈለገው ይኸንኑ ነበር። ጨረታው ከተዘጋ ሰንብቷል፤ በሠርግ ላይ ስለ ጨረታ የሚያነሣ ግን ባለጌ ነው።

ሌሎቹን በረከቶች በሩጫ ልለፋቸው። መልቀቂያ ይዞ የሄደ ሠራተኛ ፎርዋርዱን ያጠፋበት ስለሌለ የድርጅቱን ምስጢር ዛሬም ያነባል፤ ደመወዝ ብቻ ነው የቀረበት። ምክትሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ፣ ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ሲወጣ ወደ ምክትሉ ፎርዋርድ ካደረጉ፣ ደብዳቤው ሰርቨሩ «በቃህ» እስኪለው በሁለቱ መሀል ሲሽከረከር ይውላል። ድርጅቱ ኢሜይሉን ሌላ ቦታ አዛውሮ በአሮጌው ሆስቲንግ ላይ ግን «እዚሁ ነው» የሚለው ምርጫ ሳይነሣ ከቀረ፣ በዌብሳይቱ «ያግኙን» ገጽ የሚጻፈው ሁሉ ማንም በማይከፍተው ሳጥን ይጠራቀማል። ደንበኛው ግን «መልእክትዎ በተሳካ ሁኔታ ተልኳል» ተብሏል። የሚመጣውን ስፓም ሁሉ እየተቀበለ ወደ ጂሜይል የሚያሻግር ሰርቨር ደግሞ ራሱ የስፓም ላኪ ስም ይወጣለታል፤ በዚያው ሰርቨር ላይ የተከራየ ምስኪን ሱቅ በጎረቤቱ ዕዳ ደብዳቤው መድረስ ያቆማል።

ይሄ ስንፍና ነው። ሲቪዋን የላከች ልጅ አልፈለጉኝም ብላ ነው የምትቀረው፤ ደብዳቤዋ በር ላይ መመለሱን የሚነግራት የለም፤ ቢነግራትም በማትረዳው ቁጥር ነው። ብር የተቀበለ ባለሙያ ያንን ቁጥር ማንበብ ካልቻለ ብሩን ይመልስ። የሚደረገው ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም። ሳጥን ክፈቱ። የዶሜይኑ ደብዳቤ የት እንደሚደርስ የሚናገረውን መዝገብ፣ ኤምኤክሱን፣ ደብዳቤው በእውነት ወደሚነበብበት ሰርቨር አዙሩት። ኤስፒኤፍ አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት ከሆነ ሁለቱም አይሠሩም። ዲኪሙን አብሩት። ሥራ አስኪያጁ በስልኩ ማንበብ ካማረው ሳጥኑ በአይማፕ ስልኩ ላይ ይግባለት። ፎርዋርድ የግድ ነው የሚል ካለ በፖስታው ላይ ያለውን የላኪ አድራሻ በራሱ የሚተካ ዘዴ ሰርቨሩ ውስጥ አለ፤ ኤስአርኤስ ይባላል፤ ሁሉንም ባያድን ግማሹን ያቃልላል፤ ግን የሚያበራው ሰው ይፈልጋል።

ሳጥን መክፈት ለሚከብዳቸውም ዓለም አልጨከነባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ደረጃ አለ፤ «ይህ ዶሜይን ኢሜይል አይቀበልም» ብሎ በይፋ ማስታወቅ የሚያስችል። በኤምኤክሱ ቦታ ዜሮና አንዲት ነጥብ ብቻ ይጻፋል። የላኪው ሰርቨር እሷን ሲያይ ቀናት ደጅ ሳይጠና፣ ሽማግሌ ሳያስልክ፣ ቁርጡን ወዲያው ለላኪው ይነግረዋል። ነጻ ነው፣ ሐቀኛም ነው፤ ለአብዛኛው ድርጅታችን ልኩ ነው። ይህን ለአንድ ባለሙያ ሳማክረው በጥሞና አዳመጠኝና «እሺ ጋሼ፣ ነጥቧን ወደ የትኛው ጂሜይል ፎርዋርድ ላድርጋት?» አለኝ።