ስለ ለጋሽ ነጋዴዎችና ስለ ካርቶን ቼክ የወጣ የፌዝ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ነጋዴ ሲያተርፍ ስግብግብ፣ ሲሰጥ አስመሳይ እየተባለ መቆሚያ ያጣ በመሆኑ፤ በሌላ በኩል 40 ጀሪካን ዘይት ለማደል ሁለት ድንኳን፣ ሦስት ባነርና አንድ ድሮን የሚያሰልፍ ድርጅት በዓል በመጣ ቁጥር እየበረከተ በመሄዱ፤ የሁለቱንም ወገን አፍ ማስያዝ በማስፈለጉ፣ የሚከተለው ታውጇል።

ትርጓሜ። በዚህ አዋጅ «ማኅበራዊ ኃላፊነት» ማለት በማስታወቂያ ክፍሉ በጀት የሚሠራ ደግነት ነው። «የክብር እንግዳ» ማለት አረጋውያን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተደርድረው የሚጠብቁት፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሶ «ጊዜያችሁን ላለመሻማት» ብሎ ንግግር የሚጀምር ሰው ነው። «ተረጂ» ማለት ዱቄቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ፎቶ አንሺው «አልያዘም» ስላለ መልሶ አስረክቦ፣ እንደገና ፈገግ ብሎ የሚቀበል ነው።

አንቀጽ 1። ሰጥቶ መጠቀም ወንጀል አይደለም። መንግሥት ራሱ በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለበጎ አድራጎት የሰጠ ግብር ከፋይ፣ ስጦታውን ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ እንዲያስይዝ ፈቅዷል። ስለዚህ የሒሳብ ሠራተኛው ደረሰኝ ሲጠይቅ «ጽድቁን አረከሰው» ማለት ክልክል ነው። ቀኝ እጅ የሰጠችውን ግራ እጅ ባታውቅ እንኳ ገቢዎች ማወቁ አይቀርም።

አንቀጽ 2። በዚህ ሙያ ከቀደሙት አንዱ አሜሪካን ኤክስፕረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ደንበኞቹ ካርዳቸውን በተጠቀሙ ቁጥር አንድ ሳንቲም፣ አዲስ ካርድ በወጣ ቁጥር አንድ ዶላር ለነጻነት ሐውልት እድሳት እንደሚሰጥ አስነገረ። 1.7 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ፤ የካርዱም አጠቃቀም 28 በመቶ አደገ። ሐውልቷ ታደሰች፣ ኩባንያውም አተረፈ። ውሉ ከመነሻው በአደባባይ የተነገረ ነውና «ተታለልኩ» የሚል አቤቱታ ተቀባይነት የለውም። አዋጁ ከነጋዴ የሚጠብቀው ቅንነት ይህን ያህል ነው፤ ትርፉን አለመደበቅ።

አንቀጽ 3። ሲጋራ አምራቹ ፊሊፕ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1999 ለበጎ አድራጎት 75 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ መስጠቱን ለማሳወቅ ደግሞ የ100 ሚሊዮን ዶላር የማስታወቂያ ዘመቻ ከፈተ። (አዋጅ ነጋሪው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ወረቀቱን ደግሞ አየ። ቁጥሩ አልተሳሳተም።) ማስታወቂያው የተሠራው ሲጋራው እንዲረሳ ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ስሙንም አልትሪያ ብሎ ለወጠ። እንዲህ ያለው ደግነት በዚህ አዋጅ ጥላ ሥር አይጠለልም።

አንቀጽ 4። ልብ መመርመር ከአዋጁ ሥልጣን በላይ ነው። ፋይዘር እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዚትሮማክስ የተባለውን መድኃኒት ትራኮማ ለተባለው የዓይን በሽታ መከላከያ በነጻ ይሰጣል፤ ኢትዮጵያም ዋነኛ ተቀባይ ናት። በዘመቻው ቀን በአማራ ክልል ገጠር ልጁ ምልክት የተደረገበት ዘንግ ጎን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሚዛን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ስለማይመች የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በቁመት ነው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ደግሞ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይደርሰዋል። የአሜሪካ የግብር ሕግ ለችግረኛ መድኃኒት የለገሰ ኩባንያ ከወጪው እስከ እጥፍ ድረስ ከግብር ስሌት እንዲያስቀንስ ይፈቅዳል። እናቱ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች? ምናልባት «እሰየው፣ ለከርሞም ይምጡ» ነዋ! መምጣታቸው ነው ቁም ነገሩ፤ ካሜራ የለመደ ለጋሽ ለከርሞ የሚመጣው ካሜራው ከመጣ ነው።

አንቀጽ 5። የካርቶን ቼክ ቁመት ከተረጂው ቁመት መብለጥ የለበትም። በአንድ ሳምንት ውስጥ በባንክ ያልተመነዘረ እንደሆነ እንደ ተራ ካርቶን ተቆጥሮ ለጉልት ቸርቻሪዎች ምንጣፍ ይሰጣል።

ይህ አዋጅ ከሚቀጥለው በዓል ዋዜማ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ዘይቱ ግን ንግግሩ ሳይጀመር ይታደል፤ እነ እማማ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ናቸው።