ጨረታው ጮኸ፣ አምፕሊፋየሩ ዝም

ጌጃ ሰፈር ቁጭ ብለው በቴሌግራም ጨረታ አምፕሊፋየር ሊገዙ ነው? ደግ። «ከአሜሪካ የመጣ፣ ብዙም ያልተነካ» ይላል ማስታወቂያው። አልዋሸም፤ እዚህ ሊነካው የደፈረ የለም። የአሜሪካ ሶኬት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ቮልት መቀየሪያ ከሌለው ወይም ትራንስፎርመር ካልገዙለት፣ ከድምፁ በፊት ጭሱ ይወጣል (ያውም በስቴሪዮ)። ስፒከር አብሮት ካለም፣ በጠርዙ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ በዕድሜ ይፈረፈራል፤ ሻጩ ግን የሚልክልዎ እንደ ሚዜ የተወለወለውን የሳጥኑን ፎቶ ነው። «ከፍተው ያሰሙኝ» ሲሉት መብራት ይጠፋበታል። ይህን እንኳ እናምነዋለን። ቀብዱን በቴሌብር ሲቀበል ግን ኔትወርክ ጠፍቶበት አያውቅም። ደግሞ ያ ስሙን የደበቀ፣ ዋጋ በጠሩ ቁጥር 500 ብር የሚጨምርብዎ ተጫራች ማን ነው? ሻጩን አይጠይቁት፤ ራሱን ማጋለጥ አይወድም።