የታዳጊዋ ከተማችን የመጪ ዘመን ዕድገትና የመሬት አጠቃቀም አዋጅ

ከተማችን ከተቆረቆረች ጀምሮ አስፋልቱን ተከትላ ስትረዝም እንጂ ስትሰፋ ያልታየች በመሆኗ፤

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች በፕላን እንዲመሩ ስለሚያዝ፣ እኛም ሕግ አክባሪ እንደመሆናችን ፕላናችንን በመስታወት አስገብተን በከንቲባው ቢሮ ግድግዳ ላይ የሰቀልን በመሆኑ፤

የአገሪቱ ሕዝብ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠረው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑና ከዚያ ወዲህ የተወለደው ነዋሪ ሁሉ በግምት የሚኖር ስለሆነ፣ ለግምቱ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ማዘጋጀት በማስፈለጉ፤

የሚከተለው ታውጇል።

ክፍል አንድ
ጠቅላላ

1. አጭር ርእስ
ይህ አዋጅ “የአሥር ዓመት ዕድገት አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። መዋቅራዊ ፕላን በሕግ የሚጸናው ለ10 ዓመት ነው። አሥሩ ዓመት ሥራው ሳይጀመር ያለቀ እንደሆነ ከመጀመሪያው ዓመት ይቆጠራል።

2. ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) “ከተማ” ማለት ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመበት ወይም 2,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ኖሮት ከሠራተኛው ግማሹ ከግብርና ውጭ የሚተዳደርበት ሥፍራ ነው። ጠዋት አርሶ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ የሚነዳ ሰው በከሰዓቱ ይቆጠራል።

ለ) “ችካል” ማለት ቀያሽ ቀን የሚተክለው፣ ባለጉዳይ ማታ የሚያራምደው የወሰን ምልክት ነው።

ሐ) “አረንጓዴ ቦታ” ማለት ባለሀብት እስኪገኝለት ድረስ በካርታ ላይ አረንጓዴ የተቀባ መሬት ነው።

መ) “ጨረቃ ቤት” ማለት በአንድ ሌሊት ተሠርቶ ይፍረስ አይፍረስ ለማለት ሦስት ካቢኔ የሚለዋወጥበት ቤት ነው።

3. የጾታና የቁጥር አገላለጽ
በዚህ አዋጅ በወንድ ጾታ የተገለጸው የሴትንም ያካትታል። 200 ካሬ ተብሎ የተገለጸውም፣ ሰው ላለው ሰው፣ 350 ካሬን ያካትታል።

4. የተፈጻሚነት ወሰን
ይህ አዋጅ በከተማዋ ክልል ውስጥ ቤት ባልተሠራበት መሬት ሁሉ ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። የተሠራበትን በሚመለከት ፕላኑ ቤቱን ተከትሎ ይታረማል።

ክፍል ሁለት
ስለ መሬት አጠቃቀም

5. ድልድል
1) በአገር አቀፍ መርሕ መሠረት ከከተማዋ መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶው ለሕንፃ ይውላል።
2) የመንገዱ ድርሻ በረንዳና የቆርቆሮ አጥር እስኪወጣበት ድረስ መንገድ ነው።
3) የአረንጓዴው ድርሻ ለተደራጁ ማኅበራት በጊዜያዊነት ይሰጣል። ጊዜያዊነቱ ሱቁ ከቆርቆሮ ወደ ብሎኬት ሲዛወር ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ነባር ይዞታ ነው።

6. ከከተማ ውጭ ስለሚሆኑ አገልግሎቶች
ቄራ፣ ቆሻሻ መጣያና መቃብር ከከተማዋ ውጭ ይሆናሉ። መኖሪያ ቤቶች የደረሱባቸው ዕለት ከተማዋ በፍጥነት እያደገች ስለመሆኗ ለዞን ሪፖርት ይላካል። መናኸሪያውም ወደ ዳር ይወጣል፤ መንገደኛው ግን እንደ ወትሮው አውቶቡሱን ከአስፋልቱ ዳር ይሳፈራል።

7. ስለ መንገድ ሥራ ቅደም ተከተል
በመጀመሪያ ኮብልስቶን ይነጠፋል፤ ቀጥሎ ለውሃ ቱቦ ይቆፈራል፤ ይነጠፋል፤ ለጎርፍ ማፋሰሻ ይቆፈራል። ቱቦውን አስቀድሞ የቀበረ መሥሪያ ቤት ቅንጅት እንደጎደለው ይቆጠራል።

8. ስለ ሊዝ
በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ የሚሰጥ መሬት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ስለሆነ፣ ነዋሪው ውሃና መብራት እስኪገባለት ለመጠበቅ በቂ ጊዜ አለው።

ክፍል ሦስት
ስለ ዙሪያው አርሶ አደር

9. ከተማዋ ስትሰፋ
1) ከተማዋ የደረሰችበት አርሶ አደር ከማሳው ሳይነቃነቅ ከተሜ ይሆናል። ከማሳው የሚነቃነቅበት ቀን በደብዳቤ ይገለጽለታል።
2) ምትክ መሬት ያልተገኘለት ተነሺ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢው በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። የሚባዛው ጤፉና ሽንብራው ነው። መሬቱ እስከ ዛሬ ያበቀለው የአርሶ አደሩ ሲሆን፣ ከነገ ጀምሮ የሚያበቅለው ፎቅ የማዘጋጃ ቤቱ አዝመራ ነው።
3) በዚያው ማሳ ላይ አንድ ካሬ ሜትር በጨረታ ስንት እንዳወጣ ለቀድሞው ባለይዞታ መንገር ለጤናው ስለማይበጅ የተከለከለ ነው።
4) ፎቁ ሲያልቅ የአርሶ አደሩ ልጅ በጥበቃነት ለመቀጠር ቅድሚያ ያገኛል።
5) አርሶ አደሩ ደብዳቤውን ሳይጠብቅ ማሳውን ሸንሽኖ በውስጥ ውል ያስተላለፈ እንደሆነ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል፣ የተሸጠ መሬት የለም። በውሉ ላይ የተሸጠችው አንዲት ጎጆ ናት። ጎጆዋ 500 ካሬ ግቢ ቢኖራት የጎጆዋ ዕድል ነው።

ክፍል አራት
ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች

10. ስለ ሕዝብ ተሳትፎ
ረቂቅ ፕላኑ በአዳራሽ ለውይይት ይቀርባል። ካርታው ከኋላ ወንበር ስለማይነበብ ነዋሪው በቀለሙ ላይ አስተያየት ይሰጣል። ወደ መድረኩ ተጠግቶ የገዛ ቤቱን በባለ 30 ሜትር መንገድ መካከል ያገኘ ሰው ቢጮህ፣ ጩኸቱ “ሕዝቡ ፕላኑን በከፍተኛ ስሜት ተቀብሎታል” ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ መጠየቅ ከአጀንዳ ውጭ ነው።

11. ስለ ግንባታ ፈቃድ
ፈቃድ የጠየቀ ሰው ተራውን ይጠብቃል። ያልጠየቀ ሰው ሠርቶ ይገባል። የሁለተኛው ዓይነት ሰዎች ሲበዙ ይዞታቸው ሥርዓት እንዲይዝ ኮሚቴ ይቋቋማል። የመጀመሪያው ዓይነት ሰው፣ ከመጀመሪያውም ሥርዓት የያዘ ስለሆነ፣ ኮሚቴው አይመለከተውም።

12. ቅጣት
በአረንጓዴ ቦታ ላይ ዛፍ ሲተክል የተገኘ ማንኛውም ሰው ለወደፊት ግንባታ እንቅፋት በመፍጠር ይጠየቃል።

13. የተሻሩ ፕላኖች
ቀደም ሲል የወጡ ፕላኖች ሁሉ በዚህ አዋጅ ተሽረዋል። ሆኖም በተሻሩት ፕላኖች የተነሡ ሰዎች እንደተነሡ ይቆያሉ።

14. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ በማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ደላሎች ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሲሠሩበት የቆዩት እንደጸና ይቆጠራል።