ለተጠላ መጽሐፍ የቀረበ የመከላከያ መልስ

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የማን እንደሆነ መለየት አለበት። ተከሳሹ «ዘ ክሪስታል ስታር» የተባለ ልብ ወለድ ነው። ቮንዳ ማኪንታየር የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ ጽፋው እ.ኤ.አ. በ1994 ታትሟል። «ስታር ዋርስ» ከተባለው የጠፈር ፊልም ላይ ከተቀጠሉት ብዙ መጻሕፍት አንዱ ሲሆን፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላ እነ ሉክ ስካይዎከር፣ ሃን ሶሎና ልዕልት ሊያ ምን እንደደረሰባቸው ይተርካል። የፊልሙ ወዳጆች በብዙ ነገር ይጣላሉ፤ ይህ መጽሐፍ መጥፎ ነው በሚለው ላይ ግን የሚከራከር እምብዛም አይገኝም። ታዲያ ጉዳዩን አዲስ አበባ፣ ልደታ ክፍለ ከተማ ምን አመጣው? አንደኛ፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት እዚሁ ነው። ደግሞም ቦሌ ከመሠራቱ በፊት ወደ አዲስ አበባ ከሰማይ የመጣው የሚያርፈው ልደታ ሜዳ ላይ ነበር። ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየውም ግንቦት 17 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው፤ የእመቤታችን የልደታ በዓል በዋለ በ16ኛው ቀን ማለት ነው። ይህን የሚያህል መገጣጠም ያለው ሌላ ክፍለ ከተማ ካለ ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ።

የመጽሐፉ ታሪክ አጭር ነው። የሊያና የሃን ሦስት ልጆች፣ መንትዮቹ ጃይናና ጄሰን ከታናሻቸው ከአናኪን ጋር ይጠለፋሉ። ጠላፊው ሄትሪር በወደቀው መንግሥት የፍትሕ ሹም የነበረ፣ ያንኑ መንግሥት መልሶ ለማቆም ቆርጦ የተነሣ ሰው ነው። ይህን ክፍል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። እናት ልጆቿን ፍለጋ ስትንከራተት፣ አባት ሃንና አጎት ሉክ ወሬውም ሳይደርሳቸው ከአንድ ጥቁር ጉድጓድ አጠገብ ባለች ጣቢያ ይዞራሉ። በጣቢያዋ ላይ ዋሩ አለ።

ክሱ ሁሉ የሚሽከረከረው በዋሩ ዙሪያ ነው። ዋሩ ከሌላ ዓለም የመጣ፣ ውጪው ወርቃማ ቅርፊት፣ ውስጡ ጥሬ ሥጋ የሆነ ግዙፍ ፍጡር ነው። ሕሙማንን ይፈውሳል፤ ተከታዮቹም በፊቱ ይሰግዱለታል። ከባሕር ማዶ ያሉ ከሳሾች «የሥጋ ክምር እንዴት ይመለካል?» እያሉ 30 ዓመት ሙሉ ሲሳለቁ ኖረዋል። ጥያቄው አገራቸው ላይ ያስኬድ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። የዚህ ጥናት የመስክ ምልከታ የተካሄደው በፋሲካ ማግስት፣ ረፋዱ ላይ፣ በአንድ ሥጋ ቤት ነው። 55 ቀን የጾመ ጎልማሳ ከተሰቀለው ብልት ፊት ቆሟል። ከወዲያ ወዲህ አይልም። አጠገቡ ያለው ሰው ሲያነጋግረው አይሰማም። ቆራጩ ቢላውን ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከሻኛው ጨምርልኝ» አለ፤ ዓይኑን ግን ከሥጋው ላይ አልነቀለም። ከኋላው የተሰለፉትም እንደዚያው ናቸው። ይህን ያየ ተመራማሪ የማኪንታየርን የአምልኮ ትዕይንት «የማይመስል» ብሎ ሊነቅፍ አይችልም። የሚጎድለው ነገር ካለ አዋዜ ነው።

ሉክ ስካይዎከር በዚህ መጽሐፍ ይነጫነጫል የሚለው ክስ ደግሞ ብዙ አያቆየንም። እዚያ አካባቢ ያለው ኮከብ ኃይሉን አዛብቶበታል። ኃይል ተቋርጦበት የማይነጫነጭ ሰው በዚህ ሰፈር እስካሁን አልተገኘም።

ከባዱ ክስ ሌላ ነው። ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. የፊልሙ ባለቤት ሉካስፊልም አንድ መግለጫ አወጣ። በመግለጫው መሠረት ከዚያ በፊት የታተሙት ቅጥያ ልብ ወለዶች ሁሉ ከእውነተኛው ታሪክ ውጪ ሆነው ወደ «አፈ ታሪክ» መደብ ተዛወሩ። በአንድ ቀን ማለዳ የሉክ ሚስት ሚስትነቷ ቀረ፤ የሊያም ሦስት ልጆች እንዳልተወለዱ ተቆጠሩ። ዋሩም ከነወርቁ አብሮ ተሻረ። «ከቀኖና ወጥቷልና ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል።

ይህን ጥያቄ ለልደታ ነዋሪ ማቅረብ ድፍረት ነው። በአራቱ ወንጌላት ውስጥ የእመቤታችን የማርያም ወላጆች የኢያቄምና የሐና ስም አይገኝም። የእመቤታችንን ልደት የምናውቀው በትውፊትና እንደ ነገረ ማርያም ባሉ መጻሕፍት ነው። ጴጥሪቃና ቴክታ የተባሉት መካን ባለጠጎች ያዩት ሕልምም እዚያው አለ፤ ነጭ እንቦሳ እንቦሳን እየወለደች ሄዳ፣ የመጨረሻዋ ጨረቃን፣ ጨረቃም ፀሐይን ስትወልድ ያዩበት ሕልም። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሰፈሩ፣ ክፍለ ከተማው፣ የባቡር ጣቢያው፣ ችሎቱም ሳይቀር የሚጠሩት በዚህ ታሪክ ስም ነው። ግንቦት 1 ቀን ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ብትመጡ በብሎኮቹ መካከል ንፍሮው በሰፌድ ተሞልቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ ታገኙታላችሁ። እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ፣ ከቤት ውጪ ተወልዳለችና አራተኛ ፎቅ ያለውም ወርዶ ደጅ ላይ ይቀምሳል። ከመካከላቸው «ይህ ከአራቱ ወንጌላት በየትኛው ምዕራፍ ተጽፏል?» ብሎ ንፍሮውን የመለሰ ሰው እስከ ዛሬ አልተመዘገበም።

በነገራችን ላይ የፊልም ኩባንያን ከሲኖዶስ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ያን ካልኩ ጎረቤቶቼን ቀና ብዬ ማየት አልችልም። የምለው ስለ አንባቢው ነው። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ 81 ነው። ሌላው ዓለም መጽሐፈ ሄኖክን ትቶት ሙሉው ጽሑፍ ሲጠፋበት በግዕዝ ያቆየነው እኛ ነን። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲገባ ነው ሊቃውንቱ የተደናገጡት፤ ወደ እንግሊዝኛ እስኪመለስ ደግሞ እስከ 1821 ቆየ። ሄኖክ ሰማያትን ሲዞር ካያቸው ነገሮች መካከል እንደሚነድ ተራራ ያሉ ሰባት የታሰሩ ከዋክብት ይገኙበታል። ጥፋታቸው በተወሰነላቸው ሰዓት አለመውጣታቸው ነው። በማርፈድ የሚታሰር ኮከብ ያለበትን መጽሐፍ በብራና ጠብቆ ያኖረ ሕዝብ፣ ኮከብ ወደ ክሪስታል ይለወጣል ያለችን ሴት የሚያሳድድበት ምክንያት አይታየኝም።

ኮከቡን ካነሣን ማስረጃው እዚህ ላይ ይጠንክር። የመጽሐፉ ስም የመጣው በጥቁሩ ጉድጓድ ዙሪያ ከሚሽከረከር ነጭ ድንክ ኮከብ ነው። ነጭ ድንክ ማለት ነዳጁን ጨርሶ ቀስ በቀስ የሚቀዘቅዝ የኮከብ ቅሪት ሲሆን፣ ሲበርድ ውስጡ እንደ ክሪስታል ይረጋል። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሒሳብ የተተነበየ ቢሆንም፣ ጋያ የተባለችው የአውሮፓ የጠፈር መንኮራኩር በለካቻቸው ብዙ ከዋክብት ላይ መታየቱ «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው በጥር 2019 እ.ኤ.አ. ነው። ማኪንታየር በዚያው ዓመት በሚያዝያ መጀመሪያ ሲያትል ውስጥ አረፈች። የተሳለቁባት ሰዎች ከዜናው በኋላ ይቅርታ ስለመጠየቃቸው መዝገቡ ዝም ይላል። ከዚያ ቀደም ብሎም እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎች በሴንታውረስ የከዋክብት ስብስብ ያለ፣ ከእኛ 50 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ የረጋ ነጭ ድንክ «ሉሲ» ብለው ጠርተውታል። ስሙን የወሰዱት ከቢትልሶች ዘፈን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ የውጭ ስሟን ያገኘችውም ከዚያው ዘፈን ነው። ስለዚህ በሰማይ ያለው ክሪስታል ኮከብ አምስት ኪሎ ሙዚየም ካለችው እመቤት ጋር ሞክሼ ነው። ከሳሾች ይህን ሲሰሙ ትንሽ ቢያከብሩን ምን ነበረበት?

ስለ ደራሲዋ ጠባይና ሙያ ምስክር ቢያስፈልግ ሞልቷል። በዩኒቨርሲቲ ጄኔቲክስ አጥንታለች። «ድሪምስኔክ» በተባለው ልብ ወለዷ የኔቡላንም የሁጎንም ሽልማት ወስዳለች። ኋላም ሌላ ኔቡላ ስትወስድ ከረታቻቸው ዕጩዎች አንዱ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ለተባለው ተከታታይ ፊልም መነሻ የሆነው መጽሐፍ ነበር። ለእኛ ክርክር ከሁሉ የሚበልጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1981 «ስታር ትሬክ» ለተባለው ሌላ የጠፈር ፊልም በጻፈችው ቅጥያ ልብ ወለድ የሠራችው ነው። ሱሉ የተባለው የጠፈር መርከቧ ዘዋሪ ከዚህ የቤተሰብ ስም በቀር በፊልሙ የራሱ ስም አልነበረውም። እሷ ሂካሩ አለችው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ስሙ በፊልሙ ውስጥ ተነገረ። «ስታር ዋርስ» ራሱ የዋና ከተማውን የኮሩሳንትን ስም ያገኘው ቲሞቲ ዛን ከጻፈው ቅጥያ መጽሐፍ ነው። ስሙን ወሰዱት፤ መጽሐፉን ግን በመግለጫው ቀን ከሌሎቹ ጋር አስወጡት።

ያም ሆኖ መከላከያው ያልቻለው ነገር አለ። መካከሉ ይንዛዛል። ሃን ሶሎ ልጆቹ በተጠለፉበት ሰሞን ከድሮ ወዳጁ ጋር ያለፈውን ሲያነሣና ሲጥል አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ ቡና ሊያፈላ ይችላል፤ እኔም አፍልቻለሁ። የልጆቹ ምዕራፎች ግን ሌላ ናቸው። ትንሿ ጃይና ችሎታዋ ታፍኖባት በጨለማ ስትቀመጥ የአየርን ቅንጣቶች እያነቃነቀች የምታደርገው ሙከራ አለ። ያን ክፍል ያነበበ ሰው መጽሐፉን በደፈናው አይሳደብም።

መልሱን በደንብ ለማዘጋጀት ከፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻ ወደሚጽፍ ልጅ ሄድኩ። ያልኩትን ሁሉ ሳይገረም ጻፈ፤ በዚህ አካባቢ ከዚህ የባሰ እንደሚሰማ ከፊቱ ያስታውቃል። የቆመው አድራሻ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ተከሳሹ የት ነው የሚኖረው?»

«ጠፈር።»

«ወረዳ ስንት?»

ተማክረን «ለጊዜው በአመልካች እጅ» ብለን ሞላነው። የመጨረሻውን መስመር ሳልጠይቀው ራሱ ጨመረልኝ፤ ከላይ የቀረበው ሁሉ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ የሚለውን። ፈረምኩ። ከፊርማዬ በላይ ግን በእጅ ጽሑፍ «ዋሩን ሳይጨምር» የሚል አስገብቻለሁ።