«ቅርስ ነው፣ አይነካም!»

በእርጅናዬ ቅርስ ቤት ውስጥ መኖር ጀመርኩ። ቤት ቀይሬ አይደለም፤ ያው አራዳ ያለው የድሮው ቤት፣ በረንዳው በእንጨት ጌጥ የተከበበው ነው። የተለወጠው ማዕረጉ ብቻ ነው። ከሆነ መሥሪያ ቤት የተላኩ ልጆች መጥተው «በቅርስነት የተመዘገበ» የሚል ሰሌዳ ግድግዳው ላይ መቱበት። ሚስማሩ ሲገባ ስንት መንግሥት ያሳለፈ ምርጊት ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ጥበቃው «አሐዱ» ያለው በዚህ ነው።

ክረምት መጣና ጣራው አፈሰሰ። ቆርቆሮውን ልቀይር ብዬ ላስፈቅድ ሄድኩ። ቆሜ፣ ተቀምጬ፣ ደግሞ ቆሜ ተራዬ ደረሰ። አንድ ለግላጋ ወጣት ወረቀቴን አገላበጠና፣

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቅርስ ነው፤ አይነካም» አለኝ።

«ተባረክ ልጄ። ይህንን ለዝናቡ የነገረው አለ?» አልኩት።

ሳቀ። ምን ዋጋ አለው፣ ሳቅ ማኅተም የለውም! ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው የመጣው ጥር ላይ ነው። በጥር ደግሞ የትኛው ጣራ ያፈስሳል? ቀና ብለው አዩ፣ «ደህና ነው» ብለው ፈረሙ፣ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ልጆች «ቅርስ የሚያጠፋው ግሬደር ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ግሬደርማ ቢያንስ ድምፅ አለው፤ መምጣቱን ትሰማለህ፣ ዕቃህን ታወጣለህ። አሮጌ ቤትን ቀስ ብሎ የሚገድለው ጠብታ ነው። አንድ ቆርቆሮ ይበሳል፤ ውሃው ወራጁን ያበሰብሳል፤ ከወራጁ ወደ ማገሩ ይወርዳል፤ ጭቃው ይርሳል፤ ግድግዳው ያብጣል። ከዚያ አንድ ባለሙያ ይመጣና «ለነዋሪው ሕይወት አስጊ ነው» ብሎ ይጽፋል። ለመጠገኛ ያልነበረ ገንዘብ ለማፍረሻ ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ።

ይህ ጣጣ ሥር አለው። እነዚህን አሮጌ ቤቶች መኳንንቱና ነጋዴው ሲያሠሩ፣ ሕንዱና አርመኑ በሙያቸው ሲጠበቡባቸው፣ እያንዳንዱ ቤት ባለቤት ነበረው። ክረምት ሳይገባ ጣራ ላይ ሰው የሚያወጣ፣ «ያቺን ቀዳዳ ድፈን!» ብሎ የሚቆጣ አባወራ ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ለድሃው ተከራይ እፎይታ ነበር፤ ይህንን አልክድም። ከ100 ብር በታች የሚከራየውን ቀበሌ ተረከበ፤ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሄደ። የብዙው ቀበሌ ቤት ኪራይ ግን ዛሬ ለአንድ ቡና እንኳ አይበቃም፤ ለቆርቆሮ የት ይደርሳል? ቤቱን የሚያስተዳድረውን ስትጠይቀው «በጀት የለም» ይላል። ተከራዩ «ቤቱ የእኔ አይደል» ይላል። የቅርሱ ሰው «አይነካም» ይላል። ሦስት አዛዥ ያለው ቤት መሰላል የሚያቀርብለት አንድ ሰው አጣ።

ሕግማ አለ! የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ባለቤት ቅርሱን በራሱ ወጪ ይንከባከብ፣ ሲጠግንም አስቀድሞ ያስፈቅድ ይላል። መልካም ነው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ባገኝ እኔው ራሴ በሩን አንኳኳለት ነበር።

ደግሞ «እንጠግናለን» የሚሉት ሲመጡ ነው ይበልጥ የምፈራው። ጎረቤቴ ያለው ቤት ይህ ዕጣ ደረሰው። ሲሚንቶ ቀላቅለው ከእግር እስከ ራሱ ለጠፉበት፤ ላዩን በሚያብረቀርቅ ቀለም ቀቡት፤ የእንጨት መስኮቱን ነቅለው አሉሚኒየም አስገቡለት። መቶ ዓመቷን ይዛ ተኳኩላና ተሽሞንሙና ወደ ሠርግ የወጣች ባልቴት መስሎ አረፈው! የጭቃ ግድግዳ እኮ ይተነፍሳል፤ ያስገባውን እርጥበት መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ሲያፍነው እርጥበቱ ውስጡ ይቀራል፤ እንጨቱ በድብቅ ይበሰብሳል። ጭቃ የሚፈልገው ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ሰንብቶ የቦካ ጭቃ ነው። ድንጋይ በኖራ ከተገነባ የሚፈልገው ኖራ ነው። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ ተጠግኖ፣ ኋላ ላይ ጠጋኞቹ ወደ ኖራው መመለስ ግድ ሆኖባቸዋል። የእኛ ሰፈር ግንበኛ ግን ኖራ ሲባል ለሽንት ቤት የሚነሰነስ ይመስለዋል።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ደግሞ የባሰውን አየሁ። ፍርስራሹ መሐል የተቀረጸ በር፣ የተጠረበ ድንጋይ ወድቋል። «ልዋጭ! ቁራሌው!» የሚለው ልጅ ከሁላችን ቀድሞ ደርሶ ብረት ብረቱን ለቀመ። እንጨቱ ለማገዶ ሄደ። የሰፈሬም ሰው ቢሆን ከማልቀሱ በፊት ቆርቆሮ ሲሸከም ነው ያየሁት። ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል የተባለው ለእኛ ነው።

ወጣቶቹስ? የእኔ በረንዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። «አባባ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን፤ የድሮ ነገር ብቻ እንዲታይ ነው» ይሉኛል። እኔ አዲስ መሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው!

ሁሉም ግን አልጠፋም። ጣይቱ ሆቴል በ1898 ዓ.ም. ተሠርቶ፣ ጥር 2007 ዓ.ም. እሳት በልቶት፣ ዳግም እንግዳ ተቀብሏል። የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ መስቀል አደባባይ አጠገብ ቆሟል። ሁለቱም ሥራ ስላላቸው ቆሙ። አልጋ የሚያከራይ ሰው ጣራው ሲያፈስስ ዝም አይልም፤ እንግዳው ይጮህበታላ!

ስለዚህ ለሚመለከታችሁ ሁሉ የምለው አጭር ነው። ሰሌዳውን ነቅላችሁ ውሰዱት፤ በምትኩ አንድ እስር ቆርቆሮ፣ አንድ ጥሩ አናጢና ጭቃ ማቡካት የሚያውቅ መራጊ ላኩልኝ። ለትንሽ ጥገና ፈቃዱን በቀናት ጨርሱት፤ ቤቱንም የሚሠራበትና የሚቆጣለት ሰው ስጡት። አደራ፣ ሰኔ ሳይገባ ይሁን። ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ኮሚቴም አይጠብቅም።